ከጊደሯ በፊት መኖዋ



ከእናንተ ከሚደርሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። «ለአንድ ችግረኛ ቤተሰብ አንዲት የወተት ጊደር ለመስጠት ምን ያህል ያስፈልጋል?» የሚል ነው። ጥያቄው ከፍቅር የመነጨ ስለ ሆነ ደስ ያሰኘናል። ነገር ግን በሐዋሳ ከተማ በታቦር ክፍለ ከተማ ስንሠራ ያየነው ነገር ከእርሱ በፊት ሌላ ጥያቄ መጠየቅ እንዳለበት አስተምሮናል፤ ይኸውም «ጊደሯ ምን ትበላለች?» የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ በሚገባ ለማብራራት እንሞክራለን።

«ላሚቱ እኔን በላችኝ»

ከጥቂት ዓመታት በፊት ባላቸው የሞቱባቸውና ልጆች የሚያሳድጉ አንዲት እናት ከፕሮጀክታችን አንዲት ዲቃላ ጊደር ተቀበሉ። ጊደሯን ለማን እንስጥ ብለን በምንመርጥበት ጊዜ ዝርዝሩን ከፈረሙት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። በረቱ መሠራቱን አየን፤ ውሃ መኖሩን ጠየቅን፤ ሽማግሌዎች ጸለዩ፤ ፎቶግራፍም ተነሣ። ሣሩ ከየት እንደሚመጣ ግን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ግቢያቸው ከአንድ ጎጆ ጀርባ ያለ ቁራሽ መሬት ብቻ ነበረ።

ጊደሯ በሰላም ወለደች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወተቱ መልካም ነበረ፤ ከጎረቤትም ገዢ አልጠፋም። ከዚያ በኋላ የበጋው ወራት ገባ። ሣር ተወደደ፤ ጭድም በዱቤ ይገዛ ጀመር። ላሚቱ ከሳች፤ ወተቷም በየሳምንቱ ቀነሰ። ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ እኒያ እናት ከበረቱ አጠገብ ተቀምጠው፣ «ልጄ፣ ላሚቱን እኔ አላበላኋትም፤ ላሚቱ ናት እኔን የበላችኝ። ምናልባት በጸሎቴ ጎድዬ ይሆን?» አሉኝ።

በጸሎታቸው አልጎደሉም። የጎደልነው እኛ ነበርን። ስጦታችን ለእርሳቸው ዕዳ ሆነባቸው፤ በመጨረሻም ላሚቱን ሸጠው የጭዱን ዕዳ ከፈሉ። ይህን የምጽፈው ለጋሾችን ለማሳዘን ሳይሆን፣ ይኸው ስሕተት በሌላ ጉባኤ እንዳይደገም ነው።

የከሱት ላሞች ምሥጢር

በዘፍጥረት መጽሐፍ ምዕራፍ 41 ፈርዖን ስላያቸው ላሞች ተጽፏል። የከሱት ላሞች የወፈሩትን ከዋጡ በኋላ እንኳ እንደ በሉ አይታወቅባቸውም ነበር። ሕልሙ የሚናገረው ስለ ራብ ዘመን እንደ ሆነ ዮሴፍ ፈትቶታል። ሆኖም ላም የሚያረባ ሰው ይህን ሲያነብ ከራሱ በረት የሚያውቀውን ነገር ያስታውሳል፤ ብዙ ጭድ ገብቶ ወተት የማይወጣበት በረት አለና።

ምክንያቱ ይህ ነው። አንድ ገበሬ እህሉን ወደ ጎተራ ባስገባ ጊዜ አስቀድሞ የቤተሰቡን ቀለብ ያስቀራል፤ ወደ ገበያ የሚያወጣው ከዚያ የተረፈውን ነው። ላምም እንዲሁ ናት። ከምትበላው መኖ አስቀድማ ለራሷ ትወስዳለች፤ ለመተንፈስ፣ ለመቆምና ለመሄድ፣ የሰውነቷን ሙቀት ለመጠበቅ፣ ያረጀውን ሥጋ ለማደስ። ወተት የሚሆነው ከዚህ የተረፈው ነው። የተረፈ ከሌለ ወተት የለም፤ ወይም ላሚቱ ከገዛ ሥጋዋ አውጥታ ለጥቂት ጊዜ ትሰጥና ትከሳለች።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች እንዲረዳ በቁጥር እንየው። ቁጥሩ በግምት የተወሰደ ነው፤ ለማስላት ግን ይበቃል። የመኖ ጉልበት ሜጋ ጁል በሚባል መለኪያ ይለካል። 400 ኪሎ የምትመዝን ላም ለራሷ ቀለብ ብቻ በቀን 45 ሜጋ ጁል ያህል ትፈልጋለች። ለእያንዳንዱ ሊትር ወተት ደግሞ 5 ያህል ይጨመራል። አንድ ኪሎ ጭድ ከ7 የማይበልጥ ጉልበት አለው። ጭድ ደረቅና ለመፈጨት የዘገየ ስለ ሆነ በሆዷ ውስጥ ብዙ ይቆያል፤ ስለዚህ በቀን ከ7 ኪሎ ብዙም አትበላም። 7 ጊዜ 7፣ 49 ነው። ከቀለቧ የሚተርፈው 4 ብቻ ነው፤ አንድ ሊትር ወተት እንኳ አይሞላም። እኒያ እናት ጭድ በዱቤ እየገዙ ያበሏት ላም ይህን ሒሳብ ነበር የምትሠራው።

አሁን ደግሞ አንድ ቤተሰብ በቀን 100 ሜጋ ጁል የሚሰጥ መልካም መኖ አለው እንበል። በሁለት ላሞች መካከል ቢያካፍለው ሁለቱ ለራሳቸው 90 ይወስዳሉ፤ የሚተርፈው 10 ነው፤ ይህም 2 ሊትር ወተት ነው። ያንኑ መኖ ለአንዲት መልካም ዲቃላ ላም ቢሰጥ ለራሷ 45 ወስዳ 55 ይተርፋታል፤ ይህም 11 ሊትር ነው። መኖው አንድ ነው፤ ድካሙም አንድ ነው፤ ፍሬው ግን 2 እና 11 ነው። ባለሙያዎች የመኖ አጠቃቀም ብቃት የሚሉት ይህንኑ ነው። ላም የምታረባ ቤት ከወጪዋ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የምታወጣው ለመኖ ስለ ሆነ፣ ትርፍና ኪሣራ የሚለየው በዚህ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ መልስም ይገባዋል። በሲዳማ ምድር ላም ለወተት ብቻ አትያዝም። እበቷ የእንሰቱ ማዳበሪያ ነው፤ ቅቤዋም የቆጮው ማጣፈጫና የክብር ምልክት ነው። ስለዚህ አንድ አባት ሁለተኛዋን ላም ሽጡ ሲባሉ ቢያመነቱ አላዋቂ ስለ ሆኑ አይደለም። ነገር ግን ጠግባ የምትበላ አንዲት ላም የምትሰጠው እበት ከሁለት የተራቡ ላሞች እበት ያን ያህል አያንስም፤ እበት የሚመጣው ከተበላው ነውና። እንግዲህ ምክራችን ከብት አጥፉ ሳይሆን፣ ከመኖው ጋር የሚመጣጠን ቁጥር ያዙ ነው።

መኖውን ማሻሻል

በላም ትልቁ ሆድ ውስጥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ፍጥረታት ይኖራሉ። ሣርና ጭድ የሚያብላሉላት እነርሱ ናቸው። ላሚቱን መመገብ ማለት እነርሱን መመገብ ማለት ነው። እነርሱም ፕሮቲን ይፈልጋሉ፤ መኖው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከመቶ 7 እጅ በታች ሲሆን ሥራቸው ይዳከማል። የጤፍም ሆነ የስንዴ ጭድ፣ የበቆሎም አገዳ ከዚህ በታች ነው። ስለዚህ ጭድ ብቻ የምትበላ ላም ሆዷ ሞልቶ ትራባለች። መፍትሔው ጭዱን መጣል አይደለም፤ ከጭዱ ጋር አብሮ የሚሄደውን መጨመር ነው።

ሀ) አረንጓዴ መኖ። ከጋሞ ደጋ ከጨንቻ አካባቢ የተስፋፋው ደሾ ሣር ለጠባብ ቦታ እጅግ የሚስማማ ነው። በአጥር ሥር፣ በእርከን ላይ፣ በመንገድ ዳር ይተከላል፤ አፈሩንም ይይዛል። ከተተከለ ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ መታጨድ ይጀምራል። ዝሆኔ ሣርም ብዙ ምርት ይሰጣል፤ ነገር ግን አንድ ሜትር ያህል ሲሆን መታጨድ አለበት። ሰው ከፍ ብሎ ሲያየው ደስ ይለዋል፤ ላሚቱ ግን ግንዱን ትታ ቅጠሉን ብቻ ትመርጣለች። ከሣሩ ጎን እንደ ሰስባንያ፣ ሉኪንያና አልፋልፋ ያሉ ጥራጥሬ ነክ ተክሎች ቢኖሩ ፕሮቲኑ ከግቢ ይገኛል፤ ለፋጉሎ የሚወጣውም ገንዘብ ይቀንሳል።

ለ) እንሰት። በበጋ ወራት ሣር ሲጠፋ የሲዳማ ላም የምትተርፈው በእንሰት ነው። ቅጠሉ ፕሮቲን አለው፤ ግንዱ ደግሞ በአብዛኛው ውሃ ስለ ሆነ ብቻውን አይበቃም፤ ከደረቅ መኖ ጋር ይሰጥ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የእንሰት አጠውልግ በሽታ ከያዘው ተክል የተቆረጠ ቅጠል ከቦታ ወደ ቦታ አይወሰድ፤ የተቆረጠበትም ቢላዋ በእሳት ሳይለበለብ ሌላ ተክል አይንካ። ለላሚቱ ስንል የጎረቤታችንን ጓሮ እንዳናጠፋ።

ሐ) በዩሪያ የታከመ ጭድ። ለ100 ኪሎ ጭድ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ ማዳበሪያ በ80 ሊትር ያህል ውሃ በሚገባ ይሟሟል። ጭዱ በላስቲክ ላይ ወይም በጉድጓድ ውስጥ በንጣፍ በንጣፍ እየተደረገ ውሃው ይርከፈከፍበታል፤ እየተረገጠም አየር እንዳያስገባ ይታፈናል። ከ21 ቀን በኋላ ይከፈታል። ከመሰጠቱ በፊት ሽታው እንዲወጣለት ለጥቂት ሰዓት ይነጠፋል። እንዲህ የታከመ ጭድ ይለሰልሳል፤ ፕሮቲኑም ይጨምራል፤ ላሚቱም የበለጠ ትበላዋለች። ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዩሪያ ይገድላል። ያልሟሟ ዩሪያ ላም አትቅመስ፤ የዩሪያውንም ውሃ አትጠጣ፤ ከ6 ወር በታች ለሆነ ጥጃ የታከመውን ጭድ አትስጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ የግብርና ባለሙያ ሳይኖር አትጀምሩ።

መ) ድርጎ መኖ። ከሦስት እጅ ሁለቱ ፉርሽካ፣ አንዱ እጅ የኑግ ፋጉሎ ሆኖ፣ ለ100 ኪሎ 1 ኪሎ ጨው ቢጨመርበት ጥሩ ድብልቅ ይሆናል። መልካም ሣር ለምትበላ ላም፣ ሣሩ ከሚያስገኘው ወተት በላይ ለምትሰጠው ለየ2 ሊትሩ 1 ኪሎ ያህል ይሰጣታል። ለነጠፈችና ለማታልብ ላም እንደምታልበዋ እኩል መስጠት ግን ገንዘብን ማባከን ነው፤ ለመውለድ ሁለት ወር የቀራት ካልሆነች በቀር።

ፋጉሎ ሲገዛ መሻገቱ ይታይ፤ ይሽተት። እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሞ የወጣ ጥናት በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚመረት ወተት ውስጥ አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ እንዳለ አሳይቷል፤ ዋናውም ምንጭ የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኝቷል። መርዙ ከመኖው ወደ ወተቱ ያልፋል፤ ወተቱም ወደ ሕፃናት። ወተት ማፍላትም አያጠፋውም። ስለዚህ ፋጉሎን በደረቅና አየር በሚያገኝ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ በእንጨት ላይ ማስቀመጥ ለባልንጀራ የሚደረግ ፍቅር ነው።

ከቢራ ፋብሪካ ስለሚወጣው የገብስ ተረፈ ምርት ጥያቄ የሚያቀርቡ ምእመናን አሉ። «እኛ የማንጠጣውን ለላማችን መስጠት ይገባል ወይ?» ይላሉ። ይህ ተረፈ ምርት የሚለየው መጠጡ ከመፍላቱ በፊት ስለ ሆነ አልኮል የለበትም፤ የተጨመቀ ገብስ ነው፤ ፕሮቲኑም ጥሩ ነው። እርጥብ ስለ ሆነ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበላሻል። በዚህ ጉዳይ የአንዱ ሕሊና በሌላው ላይ አይፍረድ።

ሠ) ውሃ። ከመቶ 87 እጅ ያህሉ ወተት ውሃ ነው። የምታልብ ዲቃላ ላም በቀን ከ40 እስከ 60 ሊትር፣ በሙቀት ጊዜም ከዚያ በላይ ትጠጣለች። በቀን አንድ ጊዜ በባልዲ ብቻ የምትጠጣ ላም ፋጉሎ ቢጨመርላት ወተት አትጨምርም። በዚህ ሁሉ ርካሹ ማሻሻያ ውሃ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እርሱ ነው።

ከሐይቁ ዳር ስለሚታጨደው ሣርም አንድ ቃል እንጨምር። ረግረግ ቦታ የበቀለ ሣር የጉበት ትል ሊያመጣ ይችላል። ትሉን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ በእርጥብ ቦታ ይኖራልና። እንዲህ ያለውን ሣር በሚገባ አድርቆ ድርቆሽ ማድረግ አደጋውን ይቀንሰዋል፤ ላሞችም በጊዜው መድኃኒት ይሰጣቸው።

ዘሩን ማሻሻል

አንዳንድ ሰው ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ፣ «እንግዲያው የአገራችንን ላም አብዝተን ብናበላት አይበቃም ወይ?» ይላል። በከፊል ይበቃል፤ በሙሉ ግን አይደለም። በኢትዮጵያ ወደ 70 ሚሊዮን የሚሆኑ ከብቶች አሉ፤ ከመቶ 97 እጅ በላይ የሚሆኑትም የአገር ዘር ናቸው። እነዚህ ላሞች ራብን፣ ሙቀትንና በሽታን እንዲችሉ ሆነው በብዙ ዘመን የተመረጡ ናቸው። በአማካይ የሚሰጡት ወተት ግን በቀን ከ2 ሊትር አይበልጥም። መኖ ሲበዛላቸው ትርፉን ወደ ጮማ ይለውጡታል። ብዙ ወተት የማውጣት ችሎታ የሚመጣው ከዘር ነው።

ይህን የተረዱ ሰዎች በአገራችን ከጀመሩ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በ1960ዎቹ ዓ.ም. በሆለታና በሌሎች የምርምር ጣቢያዎች የተጀመረው የቦረናን ከፍሪዥያን የማዳቀል ምርምር፣ ኋላም በቃሊቲ የተቋቋመው ብሔራዊ የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል በዚህ መንገድ የሠሩ ናቸው። ከዚህ ሁሉ ልምድ የተገኘው ትምህርት በአጭሩ እንዲህ ነው። ግማሽ የአገር፣ ግማሽ የውጭ ዘር ያላት ላም ከሁለቱም ወገን መልካሙን ትወርሳለች፤ ወተቷ ከእናቷ ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ ችግርንም ትችላለች። የውጭው ደም ከሦስት አራተኛ በላይ ሲሆን ግን መኖው፣ ሕክምናውና በረቱ አብሮ ካልተሻሻለ ትርፉ በበሽታና በመኻንነት ይጠፋል። «የፈረንጁ ደም በበዛ ቁጥር ይሻላል» የሚለው አሳብ ብዙ ቤት አፍርሷል።

ከዚህም ጋር የላሚቱ መጠን ይታሰብ። ትልቅ ላም ለራሷ ቀለብ ብዙ ትወስዳለች። ጀርሲ የሚባለው ዘር ከፍሪዥያን በጣም ያነሰ ነው፤ የወተቱ ቅባት ግን ከመቶ 5 እጅ ገደማ ይሆናል። ይህ ዘር ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከዴንማርክ መጥቶ በአዳበርጋ እንዲራባ ተደርጓል። ሣር በሚያንስበትና ቅቤ በሚከበርበት እንደ ሲዳማ ባለ ቦታ ይህ ሊታሰብበት ይገባል። በተለይ ትንሽ የአገር ጊደር የትልቅ ፍሪዥያን ኮርማ ዘር ቢሰጣት ጥጃው ይገዝፍና ለመውለድ ትቸገራለች፤ የጀርሲ ዘር ግን ይህን አደጋ ያቃልላል።

በሌላው ዓለምም አርቢዎች ወደዚሁ አሳብ ደርሰዋል። ለብዙ ዘመን ኮርማ ይመረጥ የነበረው በዋናነት በልጆቹ ወተት ብዛት ነበር። አሁን ግን አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2015፣ አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2020 «የተቆጠበ መኖ» የሚባል መለኪያ በኮርማ ምርጫ ላይ ጨምረዋል። የሁለት ላሞች ወተት እኩል ሆኖ አንደኛዋ ያነሰ መኖ የምትበላ ከሆነ፣ የእርስዋ ዘር ይመረጣል ማለት ነው። ይህን ለማድረግ የቻሉት የእያንዳንዷ ላም ወተትና የብዙ ላሞች መኖ በየቀኑ ስለ ተመዘገበ ነው። በእኛም አገር ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ከአጋሮቹ ጋር ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአነስተኛ አርቢዎችን ላሞች መረጃ በመመዝገብ የተሻሉ ኮርማዎችን ለመለየት ሠርቷል። እንግዲህ በበረት ግድግዳ ላይ የተሰቀለች አንዲት ደብተር ታናሽ ነገር አይደለችም። የወለደችበት ቀን፣ ኮርማ የፈለገችበት ቀን፣ የተዳቀለችበት ኮርማ ቁጥር፣ የወተቷ ልክ ይጻፍባት። የኮርማው ቁጥር ካልተጻፈ ልጅ ከአባቷ ልትዳቀል ትችላለችና።

መኖና ዘር የሚገናኙበት ቦታ

በ2003 ዓ.ም. በሐዋሳና በዳሌ አካባቢ ብዙ ላሞችን በመድኃኒት ባንድ ጊዜ ኮርማ እንዲፈልጉ አድርጎ በሰው ሠራሽ ዘዴ የማዳቀል ሙከራ ተደርጎ ነበር። አዳቃይ ባለሙያው ወደ እያንዳንዱ ቤት ሲሮጥ ጊዜው እንዳያልፍ፣ ላሞቹ ባንድ ቦታ ተሰብስበው እንዲዳቀሉ ታስቦ ነው። ዘዴው ከዚያ በኋላ ወደ ሌሎች ክልሎችም ተስፋፋ። ነገር ግን መድኃኒቱ የሚሠራው በደህና ሥጋ ላይ ባለች ላም ነው። የጎድን አጥንቷ ሁሉ የሚቆጠር ላም ኮርማ አትፈልግም፤ ብትፈልግም አትይዝም። ስለዚህ የዘር ሥራ በማዳቀያው መርፌ አይጀመርም፤ በመኖ ገንዳው ይጀመራል።

ባዶ የሆኑ ቀኖች ደግሞ መኖ ይበላሉ። አንዲት ላም በየ13 ወሩ ብትወልድ መልካም ነው። በየ2 ዓመቱ የምትወልድ ከሆነ ግን ነጥፋ በምትቆምበት ረጅም ጊዜ በየቀኑ ያን 45 ሜጋ ጁል ያለ ምንም ወተት ትበላለች። ስለዚህ ቤተሰቡ ምልክቱን ይወቅ። ላም በየ21 ቀኑ ያህል ኮርማ ትፈልጋለች፤ ሌሎች ሲወጡባት ጸጥ ብላ ትቆማለች፤ ትጮኻለች፤ ጥርት ያለ ፈሳሽ ይወርዳታል። በጠዋት ከታየ በዚያው ቀን ማታ፣ በማታ ከታየ በማግስቱ ጠዋት ትዳቀል። እሑድ ጠዋት የታየ ምልክት ከአምልኮ በኋላ ለባለሙያው ይነገር፤ እስከ ሰኞ ማታ አይቆይ።

ከስሕተታችን በኋላ የለወጥነው

ከዚያች ላም በኋላ የፕሮጀክቱን ሥርዓት ለወጥን። አሁን ጊደር የሚፈልግ ቤተሰብ አስቀድሞ መኖ ይተክላል። ግቢ የሌላቸው ሁለት ወይም ሦስት ቤተሰቦች ተባብረው ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ቦታ ይሰጣቸዋል፤ ደሾና ዝሆኔ ሣር ይተክላሉ። ሣሩ ሲታጨድ የደረሰ ቤተሰብ፣ ጭድም በመከር ጊዜ በርካሽ ገዝቶ ያከማቸ ቤተሰብ ጊደር ይቀበላል። በአንዳንድ ቤት ጊደር መስጠታችንን ትተን፣ ቤተሰቡ ያለችውን አንዲት ላም በሚገባ እንዲመግብና በመልካም ዘር እንዲያስዳቅል ረድተናል። ይህም ከአዲስ ጊደር ያነሰ ገንዘብ ይወስዳል፤ ዕዳም አያስከትልም።

ዮሴፍ ጥበበኛ የተባለው በጥጋብ ዓመታት ስላከማቸ ነው። በእኛም ከተማ ክረምት የሣር ጥጋብ ነው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ደግሞ ራቡ ይመጣል። ድርቆሽ የሚያደርግ ቤተሰብ ትንሽ ዮሴፍ ነው። የምሳሌም መጽሐፍ በምዕራፍ 27 መንጋችንን ሁኔታውን በትጋት እንድናውቅ ይመክረናል። ማወቅ የተባለው መቁጠርን ብቻ ሳይሆን፣ ምን እንደ በላች፣ ምን እንደ ጠጣች፣ መቼ እንደ ወለደች ማወቅን ነው።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ስለ መኖ ተክሎች ምክር ሲያስፈልጋችሁ ወደ ወረዳችሁ የእንስሳት ባለሙያ ሂዱ። እ.ኤ.አ. በ1976 የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ ተብሎ የተከፈተው፣ ዛሬ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ክፍል የሆነው ኮሌጅም በከተማችን ውስጥ ነው፤ እውቀት በደጃችን እያለ በጨለማ አንሥራ።

ለጋሾቻችን ሆይ፣ አንድ ልመና አለን። ለአንዲት ጊደር የሚሆን ገንዘብ ስትሰበስቡ፣ ከዚያ ውስጥ ለሣር ችግኝ፣ ለውሃ ገንዳ፣ ለአንድ በጋ የሚሆን ጭድና ለአዳቃይ ባለሙያው መጓጓዣ የሚሆነውን እንድንለይ ፍቀዱልን። ይህ በፎቶግራፍ ላይ አያምርም። የሣር ክምር ፎቶግራፍ በጉባኤ ፊት ሲታይ ማንም አያጨበጭብም። ነገር ግን አንዲት እናት በበጋ ወራት ከበረቱ አጠገብ ተቀምጣ «ላሚቱ በላችኝ» እንዳትል የሚያደርገው እርሱ ነው።

በጉባኤ ለውይይት፦
1. በጉባኤያችን ላም ያላቸው ቤተሰቦች በበጋ መኖ የሚያገኙት ከየት ነው?
2. በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ውስጥ ሣር ሊተከልበት የሚችል ሥራ ፈት ቦታ አለ ወይ?
3. ሁለት የተራቡ ላሞች ያሉት ወንድም ምክር ቢጠይቀን ምን እንለዋለን?

እኒያን እናት አሁንም በእሑድ አምልኮ አገኛቸዋለሁ። በዚህ ዓመት ከጎረቤታቸው ጋር ሆነው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥግ ደሾ ተክለዋል። ባለፈው ሳምንት ሣሩን እያሳዩኝ፣ «በዚህ ጊዜ ላሚቱ ከመምጣቷ በፊት ምግቧ ቀድሟታል» አሉኝ። ጊደሯ ገና አልመጣችም። ሣሩ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ታጭዷል፤ ድርቆሹም በጣሪያ ሥር ተከምሯል። ስለ እርሳቸውና እንደ እርሳቸው ስላሉት ጸልዩ።

ጌታ የእጃችሁን ሥራ ይባርክ። አሜን።